ቤንጃሚናዬ ቅጠሉን ጨረሰ፣ ሞቷል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው ምኖረው። ግንቦት ላይ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ግንዱ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ፊከስ ቤንጃሚና ገዝቼ ሳሎን ቲቪው ጎን ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ። ውሃ አንሶት ነው ብዬ በየቀኑ አጠጣሁት፣ ባሰበት። በረንዳ አወጣሁት፣ መልሼ አስገባሁት፣ ትልቅ ዕቃ ቀየርኩለት፣ የቡና አተላ አደረኩበት፣ ጎረቤቴ የሰጠችኝን ዩሪያም ጨመርኩ። አሁን ነሐሴ ነው፣ ከግማሽ በላይ ቅጠሉ የለም። ሻጩ አየር ያጸዳል ስላለኝ አስም ያለበት ልጄ መኝታ ክፍል ላስገባውም አስቤ ነበር። ሞቷል ወይ? ምን ላርግ?»

ሳላየው መቶ በመቶ ባልልሽም አልሞተም ባይ ነኝ። ግን አሁን የሚያሰጋው የቅጠሉ መርገፍ ሳይሆን ለማዳን ብለሽ የደረደርሽበት ነገር ነው፣ ስለዚ ከምንም በፊት እጅሽን ሰብስቢ።

መኖሩን ለማወቅ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ያዢና ቅርፊቱን በጥፍርሽ ፋቅ አርጊው። ከስር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ በህይወት አለ፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ግንዱ ጠጋ እያልሽ እንደገና ፋቂ። የተጎነጎነ ቤንጃሚና ደግሞ አንድ ዛፍ አይደለም፣ ሦስትም አራትም ችግኝ ባንድ ዕቃ ተተክሎ ገና ለጋ እያለ የሚጎነጎን ነው፣ ስለዚ አንዱ ሞቶ ሌሎቹ ሊተርፉ ስለሚችሉ እያንዳንዱን ግንድ ለየብቻ እዪ። እግረ መንገድሽን ጉንጉኑ ላይ የታሰረ ሽቦ ወይ ፕላስቲክ ገመድ መኖር አለመኖሩን ተመልከቺ። ብዙ ሻጭ ሳይፈታው ይሸጠዋል፣ ግንዱ ሲወፍር ገመዱ ቅርፊቱ ውስጥ ሰምጦ ያንቀዋል፣ ሰው ደግሞ ምክንያቱ ሳይገባው ዓመት ሙሉ ውሃና ማዳበሪያ ይለዋውጣል። ካገኘሽ ቁረጪና አውጪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፊከስ አመለኛ ነው ይባላል፣ እኔ አመለኛ አልለውም፣ ለውጥ አይወድም በቃ። አገሩ ከደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ነው፣ እዛ ሜዳ ላይ 30 ሜትር የሚደርስ ትልቅ ዛፍ ነው፣ የባንኮክ ከተማ መለያ ዛፍም እሱ ነው። ቅጠሎቹን የሚሠራው ባለበት ቦታ ብርሃን ልክ ነው። ፀሐይ ላይ ያደገው ወፍራምና ጠበብ ያለ ቅጠል ያወጣል፣ ይሄ ቅጠል ጥላ ውስጥ ሲገባ ከሚያመርተው ምግብ የሚበላው ይበልጥበታል። ዛፉ የማያዋጣውን ቅጠል ይጥልና ቀስ ብሎ ለጥላ የሚሆን ሳሳ ሰፋ ያለ ሌላ ቅጠል ያወጣል። ስለዚ የመጀመሪያው መርገፍ በሽታ አልነበረም፣ ቤትሽን እየለመደ ነበር።

ይሄ ነገር ከታወቀ ቆይቷል። ፍሎሪዳ አፖፕካ በሚባል ቦታ ያለው የዩኒቨርሲቲ ምርምር ጣቢያ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በደንብ ሠርቶበታል፣ ከዛ ወዲህ ደህና አምራቾች ለቤት ውስጥ የሚሸጡትን ፊከስ ከመሸጣቸው በፊት ለረጅም ጊዜ መረብ ጥላ ስር አስቀምጠው፣ ማዳበሪያም ቀንሰው ነው የሚያወጡት። እኛ ጋ መንገድ ዳር ጠራራ ላይ ተደርድሮ የከረመው ላዳ ላይ ተጭኖ በቀጥታ ቲቪ ጎን ይገባል። እና በግንቦቱ ለውጥ ብቻ የተወሰነ ቅጠል መጣሉ አይቀርም ነበር፣ ዝም ብትይው ግን እዛው ላይ ይቆም ነበር። አንቺ በረንዳ ስታወጪው ለበረንዳው ማስተካከል ጀመረ፣ ስታስገቢው ደግሞ እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ።

«ሳሎኔ እኮ ብርሃን አለው» እንደምትይ አውቃለሁ፣ ሁሉም ሰው ይላል። ዓይናችን ራሱን ስለሚያስተካክል ያታልለናል እንጂ ከመስኮት ሦስት ሜትር ራቅ ስትይ ብርሃኑ መስኮቱ ስር ካለው አንድ አስረኛ እንኳን ላይሞላ ይችላል። ስድስት ሰዓት ላይ እጅሽን ቅጠሉ በላይ ዘርጊና የጣቶችሽን ጥላ እዪ፣ ጣቶችሽ ተለይተው ከታዩ በቂ ነው፣ ድብስብስ ያለ ነገር ብቻ ከሆነ ወይ ጭራሽ ጥላ ከሌለ ያ ቦታ የፊከስ ቦታ አይደለም፣ ሶፋ አስቀምጪበት።

ውሃው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዛፍ ውሃ የሚጠጣው ባብዛኛው በቅጠሉ በኩል ስለሚያተነው ነው፣ ግማሽ ቅጠሉ ከረገፈ የሚጠጣው ውሃም በዛው ልክ ቀንሷል ማለት ነው። ማለትም ቅጠሉ በረገፈ ቁጥር ውሃው መቀነስ ሲገባው አንቺ ጨመርሽ፣ ያውም በሐምሌና ነሐሴ፣ ቀኑ ደመና፣ አየሩ እርጥብ፣ ቤቱ ብርድ በሆነበት ጊዜ። አፈሩ አይደርቅም፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ከዛ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ መስሎ ይጠወልጋል። ይሄኔ ሰው ምን ያረጋል? ይጨምርለታል።

የሚወድቀው ቅጠል ራሱ ብዙ ይናገራል። አረንጓዴ እንደሆነ ድንገት የሚረግፍ ከሆነ ባብዛኛው የቦታ ለውጥ፣ የበረንዳ በር ተከፍቶ የሚገባ ብርድ ወይም አንድ ጊዜ ክው ብሎ መድረቅ ነው። መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ፣ በተለይ ከውስጥና ከታች ጀምሮ የሚረግፍ ከሆነ ውሃ መብዛት ወይ ብርሃን ማነስ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። ቡናማ ሆኖ ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ቅጠል ግን መጥፎ ምልክት ነው፣ ምክንያቱም ቅጠል መጣል ራሱ ህይወት ያለው ቅርንጫፍ የሚሠራው ሥራ ነው፣ ሳይጥል ደርቆ የቀረው ብዙውን ጊዜ የሞተ ቅርንጫፍ ነው።

ትልቅ ዕቃ መቀየርሽ ሌላው ችግር ነው። ትልቅ ዕቃ ማለት ብዙ አፈር ማለት ነው፣ ብዙ አፈር ብዙ ውሃ ይይዛል፣ የደከመ ሥር ያን ሁሉ ሊጠጣው አይችልም። አፈሩን ደግሞ ሰፈር ውስጥ ከግቢ አስቆፍረሽ ከሆነ ሰሚት አካባቢ ያለው ጥቁር ኮትቻ ነው፣ ሲረጥብ ጭቃ ሲደርቅ ሲሚንቶ። ከስር ጠጠር ማድረግም አያድንም፣ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ውስጥ ቁጭ ይላል እንጂ በቀላሉ አይወርድም። ዕቃው ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ማውራት ትርፉ ድካም ነው፣ ያ የሚያምረው ሴራሚክ ከውጭ ልብሱ ይሁን፣ ዛፉ ግን ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ ይቀመጥበት።

ዩሪያው። ለማሳ የሚሆን ነገር የአበባ ዕቃ ውስጥ ሲገባ መጠኑን በእጅ ግምት ማወቅ አይቻልም፣ ሥሩን ያቃጥላል፣ ለተጎዳ ዛፍ ደግሞ ማዳበሪያ ጭራሽ አይሰጥም። የቡናው አተላ ያን ያህል ገዳይ አይደለም፣ ግን ላዩ ላይ ይጋገርና ይሻግታል፣ እርጥበት ያፍናል፣ ትንንሽ ጥቋቁር ትንኞችም ይጠራል። ኮምፖስት ውስጥ ቢገባ አሪፍ ነው፣ ዕቃው ላይ ግን አይሁን። እዚህ ላይ ሌላ የማየው ነገር ቅጠሉን በወተት ወይ በዘይት መወልወል ነው፣ ያብረቀርቃል ግን አቧራ ይይዛል፣ ትንፋሹንም ይደፍናል፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጊው። ውሃ በስፕሬይ መርጨትም ለደቂቃዎች ከማረጠብ በላይ ጥቅም የለውም፣ በክረምት ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

ስለዚ የመጨረሻ አንድ ጊዜ ትነኪዋለሽ፣ ከዛ አትነኪውም። ዛፉን ከዕቃው አውጪና ሥሩን እዪ። ነጣ ወይ ክሬም ያለና ጠንካራ የሆነው ጤነኛ ነው፣ ቡናማ ሆኖ ስትጨብጪው የሚልመጠመጥ፣ ልጣጩ እንደ ክር ሾልኮ የሚወጣና የሚሸተው የበሰበሰ ስለሆነ በንጹህ መቀስ ቁረጪው። ዩሪያና አተላ የነካውን አፈር አራግፊ፣ የቀረውን ሥር ለብ ባለ ውሃ ቀስ ብለሽ እጠቢ። ከዛ ከተረፈው ሥር ትንሽ ብቻ ሰፋ ያለ ዕቃ ውስጥ መልሺው፣ ማለትም አሁን ካለበት ማነስ አለበት። አፈሩ ሁለት እጅ ከኮምፖስት ጋር የተደባለቀ ቀለል ያለ የችግኝ ጣቢያ አፈር፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ ይሁን፣ ግንባታ ያለበት ሁሉ ተቆልሎ የምታዪው ቀይ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ማለቴ ነው። ዱቄቱን ንፊው፣ እጠቢው፣ ሽምብራ የሚያህለውን ያዢ። አፈሩን ያላላል፣ ለውጭ አገር ሰው ፐርላይት (ነጭ ቀላል ጠጠር መሳይ ነገር) ግዛ የሚሉትን ሥራ ይሠራል፣ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም።

ሥሩን ስትቆርጪ የደረቁትን ቀንበጦችም አብረሽ አውርጂ። ስትቆርጪ ነጭ ወተት ይፈሳል፣ ጓንት አርጊ፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ልብስና ምንጣፍ ላይ ከደረቀም አይለቅም፣ ዓይንሽን እንዳትነኪ። ድመት ወይ ውሻ ካለሽ ቅጠሉን ቢያኝኩ ያስመልሳቸዋል።

የት ይቀመጥ? ዩቲዩብ ላይ «ደቡብ መስኮት» የሚሉት ምክር አውሮፓና አሜሪካ ላለ ሰው የተባለ ነው፣ እኛ ጋ ግማሽ ዓመት አይሠራም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 9 ዲግሪ ላይ ስላለች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ የቀትር ፀሐይ አናታችን ላይ ሆና ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ግን በደንብ ወደ ደቡብ ስለምትወርድ ደቡብ መስኮት ያኔ ነው ፀሐይ የሚያገኘው። ዓመቱን ሙሉ የማይለዋወጠው የምሥራቅ መስኮት ነው። ክረምት ላይም ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ብራ ሆኖ ዝናቡ ከሰዓት ስለሚመጣ፣ ያለውን ብርሃን የሚያገኘው የምሥራቁ ነው። ስለዚ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ካለሽ ከመስታወቱ ሃምሳ ሴንቲሜትር አካባቢ አስቀምጪው፣ ከሌለሽ ምዕራብ ሆኖ በስስ መጋረጃ። በረንዳ ላይ ግን አይደለም። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ ፀሐያችን ትከብዳለች፣ ቤት የለመደ ቅጠል ቀጥታ ቀትር ላይ ሲወጣ በአንድ ቀን ይቃጠላል፣ ከህዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ለዚ ዛፍ በጣም ይቀዘቅዛል፣ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ አይወድም።

ከዛ በኋላ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቢ፣ እርጥብ ከሆነ ሂጂ፣ ደረቅ ከሆነ ከስር እስኪወርድ አጠጪና ሳህኑ ላይ የቀረውን ድፊ። በሳምንት ስንቴ ለሚለው ቁጥር አልሰጥሽም፣ ነሐሴ ላይ ሁለት ሳምንትም ላይጠማ ይችላል፣ የካቲት ላይ በአምስት ቀን ሊደርቅ ይችላል። ዕቃውን ትንሽ ከፍ አርጎ ክብደቱን መልመድ ከጣትም ይሻላል። የቧንቧ ውሃ ችግር የለውም፣ ቀዝቃዛ አይሁን እንጂ።

ውጭ አገር ሆናችሁ ይሄን የምታነቡ፣ ሜሪላንድም ስቶክሆልምም፣ የናንተ ጣጣ ሌላ ነው። እዛ ክረምቱ ጨለማ ነው፣ ሂተሩ ደግሞ አየሩን ያደርቀዋል፣ ስለዚ ዛፉን ከሂተሩ አፍ አርቁት፣ ደቡብ መስኮት ላይ አርጉት፣ በጣም ሰሜን ያላችሁ ደግሞ በታይመር የሚሠራ የኤልኢዲ የተክል መብራት ግዙ። ደረቅ አየር ሸረሪት መሳይ ጥቃቅን ተባይ ስለሚያመጣ የቅጠሉን ጀርባ በየጊዜው እዩ።

ተባይን ካነሳሁ አንቺም እዪ። ወለሉ ወይ ቅጠሉ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ካለ ስኬል የሚባለው ቅርፊት መሳይ ወይ ሚሊባግ የሚባለው ነጭ ጥጥ መሳይ ተባይ አለ ማለት ነው። ጥቂት ከሆነ 70 ፐርሰንት አልኮል የነካ ጥጥ ይበቃዋል። ብዙ ከሆነ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ መጀመሪያ ጥቂት ቅጠል ላይ ሞክሪና ከዛ ሁሉንም፣ ቆይቶ ማጠብ፣ በየሳምንቱ መደጋገም። ማላታይን የሚባለውን የተባይ መርዝ ቤት ውስጥ እንዳትረጪ፣ በተለይ አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት።

ልጁ ክፍል አታስገቢው። ይሄን ረገጥ አድርጌ ነው የምለው። አየር ያጸዳል የሚባለው ወሬ የመጣው ናሳ በ1989 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጥናት ነው፣ እሱ ደግሞ የተሠራው ትንሽ ዝግ ሳጥን ውስጥ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የቀደሙትን ጥናቶች አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እንዳሳየው መስኮት ከፍቶ አየር ከማናፈስ ጋር እኩል ለመሆን በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል። ጭራሽ ቤንጃሚና ራሱ አለርጂ ከሚያስነሱ የቤት ተክሎች አንዱ ነው፣ በወተቱ ውስጥ ያለው ነገር ቅጠሉ ላይ ካለው አቧራ ጋር አየር ላይ ይወጣል፣ የሚነካቸው ሰዎች ላይ ማስነጠስና አስም ይቀሰቅሳል። የላቴክስ ጓንት ወይ ፓፓያና ሙዝ የሚያሳክካቸው ሰዎች የበለጠ ይጠንቀቁ። ልጅሽ ፊከሱ ከመጣ ወዲህ ከባሰበት ዛፉን ስለማዳን አታስቢ፣ ከቤት አውጪውና ለሐኪሙ ንገሪ።

ሰልችቶሽ ጊቢ ውስጥ ልትተክዪው ብታስቢም ቦታውን አስቢበት። ዋርካና ሾላ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው፣ የዋርካ ሥር ምን እንደሚያረግ አይተሻል። ቤንጃሚናም ሥሩ ግድግዳ፣ ቧንቧና ሴፕቲክ ታንክ ይፈልጋል፣ የኮንዶሚኒየም ጊቢ ውስጥ ብሎክ ጥግ መትከል ለጎረቤት ሁሉ ዕዳ ማስቀመጥ ነው።

እንግዲህ የኔ ምክር ይሄ ነው፦ በዚ ሳምንት ሥሩን አይተሽ አፈርና ዕቃውን ቀይሪ፣ ምሥራቅ መስኮት ጋ አስቀምጪ፣ አንዴ አጠጪ፣ ከዛ ሲደርቅ ከማጠጣት ውጪ ምንም አታርጊ። አታዙሪው፣ አታዳብሪው፣ ከጎረቤት ምክር አትቀበይ። ከሥሩ መነካካት የተነሳ ገና ጥቂት ቅጠል ይጥላል፣ አትደንግጪ። መስከረም ሰማዩ ሲገለጥ ጠብቂ፣ ጥቅምት ውስጥ ቀንበጦቹ ጫፍ ላይ ሹል አረንጓዴ እምቡጥ ካየሽ ተርፏል፣ ቅጠሎቹ በደንብ ከተዘረጉ በኋላ የቤት ተክል ፈሳሽ ማዳበሪያ ዕቃው ላይ ከተጻፈው በግማሽ አቅጥነሽ በወር አንዴ ትሰጪዋለሽ። የረገፈባቸው ባዶ ቅርንጫፎች ሁሉ ግን እንደድሮው አይሞሉም፣ የተጎነጎነው ራሱ ላይ ክብ ሆኖ ያማረው ቅርጽ ለመመለስ ዓመትም በላይ ይፈጃል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይመለስም።

ህዳር አልቆ ምንም ካላወጣና ስትፍቂው ግንዱ ድረስ ቡናማ ከሆነ ጣዪው። የልጁ ሐኪም ምንም ችግር የለውም ካለሽና ሌላ የምትገዢ ከሆነ ፋሽን የሆነውን ቅጠለ ሰፊውን ፊድል ሊፍ እንዳትገዢ፣ የምዕራብ አፍሪካ ቆላ ደን ተክል ነው፣ ከቤንጃሚናም ብሶ የሚያስቸግር እሱ ነው። ጎማ ዛፍ የምንለውን ኢላስቲካ ውሰጂ፣ ወፍራም ቅጠል ስላለው ውሃም ብትረሺው ብርሃንም ትንሽ ቢያንሰው ይችላል። ስትገዢ ፀሐይ ላይ ከተደረደረው ሳይሆን መረብ ስር ከኋላ ካለው ምረጪ፣ ሻጩ ፊት ለፊት ካለው ነው የሚያምረው ቢልሽም።